አያ ጥጋቡ የጠጡት ወተት

ስንት ልጅ አላችሁ ብሎ ሰው ሲጠይቀን እኔ «አንድ» እላለሁ። አማቴ ከጓዳ ሆነው «ሁለት!» ይላሉ። ባለቤቴ ትስቃለች። የመጀመሪያዋ ልጃችን ገና ጥርስ አላበቀለችም። ሁለተኛው ጥርሳቸው ረግፎ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቤቱን ያከራዩንም እሳቸው ናቸው። «ናቸው» ልበል «ነው» ልበል ግን እስካሁን አልለየልኝም። የገዛ ልጅን አንቱ ማለት ይከብዳል፤ አከራይን አንተ ማለት ደግሞ ቤት ያስለቅቃል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። እኔ እንደሆንኩ ግራ እንደተጋባሁ አለሁ።

ባለቤቴ ማስተዋል ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ ትሠራለች። የወሊድ ፈቃዷ ያለቀው ክረምት ላይ፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ስለማስተምር ክረምቱን ቤት ነኝ። እናም ደረቴን ነፍቼ «ልጅቷን ለእኔ ተያት» አልኳት። ይህን ያለ አፌን ምነው ያኔ በቆረጠው!

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ማስተዋል ጡቷን እያለበች በንጹሕ ዕቃ ታስቀምጣለች፤ እኔ ከፍሪጅ አውጥቼ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየውና ለብ ሲል በጡጦ እሰጣለሁ። «እንዳታፈላው። ጠጥታ የተረፋትን መልሰህ እንዳታስቀምጥ። ከመስጠትህ በፊት ክንድህ ላይ ጠብ አድርገህ ሞክር» እያለች አስጠናችኝ። ስንቱን ተማሪ አሲድ ሳስይዝ የኖርኩ ሰው በእናት ወተት ምን እሆናለሁ ብዬ፣ እሺ እሺ አልኩ።

ሊያግዙን አማቴ እማማ ስንዱ ከገጠር፣ ከኮሶዬ መጡ። ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ አዩት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የጡት ማለቢያ ነው እማማ» አልኩ።

«ምነው ልጄ! ሰው ይታለባል?»

ማስተዋል ሥራ ስትሄድ ልጅቷ ምን እንደምትጠጣ፣ ወተቱ እንዴት እንደሚቀመጥ አስረዳቻቸው። አማቴ አማተቡ፣ እንደገና አማተቡ። ከዚያ ሕግ አወጡ።

«ይሁን እንግዲህ። ግን የእናት ወተት ዓይን አይወድም። የጡት ወተት ነው ብሎ ለጎረቤት የተነፈሰ ወየውለት! ያን ጊዜ ነው የሚነጥፍ።»

ማስተዋል ሳይንስ የተማረች ናት። እኔም እንደዚያው። ተያየንና «እሺ እማማ» አልን። ዓይን ነው፤ ምን ይታወቃል።

ችግሩ ፍሪጅ የለንም። ማራኪ ሰፈር የተከራየናት ቤት ሁለት ክፍል ናት፤ ፍሪጅ ያለው በዚያው ግቢ ዋናው ቤት ውስጥ፣ አያ ጥጋቡና ሚስታቸው እትዬ የሻረግ ዘንድ ነው። ማስተዋል «የልጅ ምግብ ላስቀምጥ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ እትዬ የሻረግ «ምን ገዶኝ» ብለው ከቲማቲማቸው ሥር ቦታ ሰጡን። የምን ምግብ እንደሆነ አልጠየቁም፤ እኛም አልተነፈስንም።

ሰኞ ማስተዋል ሥራ ገባች። ልጃችን፣ ሚጡ ነው የምንላት፣ ጡጦውን ስታይ ከንፈሯን ግጥም አደረገች። ቀኝ ሳመጣ ወደ ግራ፣ ግራ ሳመጣ ወደ ቀኝ። ዘፈንኩላት። እየዞርኩ እስክስታ ወረድኩ። እናቷን ልምሰላት ብዬ የማስተዋልን ሻሽ ብጠመጥም ለአፍታ ዝም ብላ አየችኝና ከበፊቱ ብሶባት አለቀሰች። በመስኮቱ ሥር ያለፉት እትዬ የሻረግ ቆም ብለው «መምህር፣ ደኅና ነህ?» አሉኝ። «ደኅና ነኝ እትዬ» አልኩ፣ ሻሹን ሳላወልቅ።

ቀጣዩን ወተት ላወጣ ብሄድ ከሁለት ተከፍሏል፤ ላዩ ቅባት፣ ሥሩ ውሃ መሳይ። ደንግጬ ማስተዋል ዘንድ ደወልኩ።

«ወተቱ ተበላሽቷል!»

«ምን ሆነ?»

«ቅባቱ ለብቻው ወጣ።»

«ወተት ሲቀመጥ እንደሱ ነው። ቀስ አድርገህ አዟዙረው።» ቀጠለችና «ኬሚስትሪ የምታስተምረው አንተ ነህ አይደል?» ብላ ዘጋችብኝ።

በምሳ ሰዓት በባጃጅ እየበረረች መጣች፣ ቆማ አጠባች፣ እየበረረች ተመለሰች፣ ረፈደባት፣ ተቆጧት። ማታ ስትገባ ሚጡ ድምፅዋ ሰልሏል። ማስተዋል ጡቷን እየሰጠቻት ቀና ሳትል ተናገረች።

«እስከ ዓርብ አየዋለሁ። እስከ ዓርብ በጡጦ ካልጠጣች ሰኞ መልቀቂያዬን አስገባለሁ። ልጄ ቤት ተርባ እያለቀሰች እኔ ቁጭ ብዬ የሰው ደም አልመረምርም።»

ይህን ሥራ እንዴት እንደምትወደው እኔ አውቃለሁ። ነጭ ጋዋኗን ለማንም አትሰጥም፤ ራሷ ናት የምትተኩሰው። ፈቃድ ላይ ሆና እንኳ፣ የማትለብሰውን ጋዋን ደጋግማ ተኩሳ ስትሰቅል አይቻታለሁ። አማቴም ከኮሶዬ እዚህ ድረስ እንዴት እንዳስተማሯት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የዚያን ማታ እራት አልበላላቸው አለ።

በማግስቱ አማቴ ጥፋተኛውን አገኙት።

«ዕቃው ነው! ያልታጠነ ዕቃ ወተት ይይዛል? ልጅቷ እንኳ አወቀችበት፣ እናንተ አልገባችሁም እንጂ።»

እኔ ቀልዳቸውን መስሎኝ ሱቅ ሄድኩ። ስመለስ ቤቱ በወይራ ጢስ ታፍኗል፤ አማቴ ፍም ላይ ወይራ አድርገው ጡጦውን ደፍተውበታል። ለወተት ቅል የሚሆን ነገር ለፕላስቲክ አልሆነም። ጡጦው አንገቱን ሰብሮ በጎኑ ጋደም አለ። አማቴ በጨርቅ ይዘው አገላበጡትና «ይኼ ዕቃ ወኔ የለውም» አሉ።

እኔ ሌላ ጡጦ ገዛሁ። እሳቸው ማር የነበረበት ጠርሙስ አጥበው፣ ቀቅለው፣ ደግመው ቀቅለው፣ እኔ ዞር ስል ደግሞ አጥነው ወተቱን በሱ አስቀመጡት። ለማስተዋል ንገራት ወይስ አትንገራት የሚለውን ሳሰላስል ቀኑ መሸብኝ።

ሚጡ ግን ከአዲሱም ጡጦ አልጠጣችም። በማንኪያ ጠብ ጠብ እናደርግላታለን፤ ግማሹ በአገጯ ይወርዳል።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። እትዬ የሻረግ ፍልሰታን ሲጾሙ እንኳን ሰው፣ ድመቷም ትጨነቃለች። በመጀመሪያው ቀን የማሩን ጠርሙስ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ ከቀሚሳቸው አርቀው ደጃችን ላይ ቆሙ።

«መምህር! በጾም ወተት? በእኔ ፍሪጅ? ከሽሮዬ ጎን?»

አማቴ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዞር ብዬ ባያቸው ዓይናቸው «ወየውልህ!» ይላል።

«ወተት አይደለም እትዬ» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እስኪ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ነጭ ነው፣ ወተት አይደለም፣ ልጅ ይጠጣዋል። ላብ አጠመቀኝ።

«የአኩሪ አተር ነው» አልኩ።

የእትዬ የሻረግ ፊት በራ። «የአኩሪ አተር ወተት! የጾም ነዋ! እንዴት ነው የሚሠራ?»

አንዴ ገብቼበታለሁ። ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ይጨመቃል፣ ይጣዳል እያልኩ ሙሉ ትምህርት ሰጠሁ። ይባስ ብዬ የፕሮቲኑን ነገር አነሳሁ። እትዬ የሻረግ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ልጅቷን ካሁኑ ጾም ማስለመዳችሁ ሸጋ ነገር ነው» አሉ። «እናንተ የተማራችሁት ሃይማኖት የላችሁም እያልኩ ሳማ ነበር። ይቅር ይበለኝ።»

ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለሱ። ከቲማቲሙ ሥር አውጥተው ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳስቀመጡት ኋላ አየሁ። እኔም ጥርሴ እስኪታይ ሳቅሁ፤ አማቴም «አሁን ገና ልጄን ለሰው ሰጠኋት» ብለው አመሰገኑኝ። አንድ ነገር ግን ሁለታችንም አላሰብንም፤ እትዬ የሻረግ ባል አላቸው።

ዓርብ ደረሰ። ማስተዋል ጧት ሚጡን ስታጠባ የምትደርበውን ጋቢ ወንበር ላይ ጣል አድርጋ፣ ለማንም ደኅና ዋሉ ሳትል ወጣች። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ምሳ ላይም መምጣት አልቻለችም። ከቅዳሴ መልስ ሰው በየቤቱ ሲገባ ሚጡ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ግቢውን በሩጫ አቋርጬ ወተቱን ላመጣ ሄድኩ። ጠርሙሱ ባዶ ነው። ሥሩ ላይ ነጭ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

አያ ጥጋቡ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሻይ አለ። ሻዩ ነጭ ነው።

«መምህር! ና እስኪ ቅመስ» አሉኝ።

«ምኑን አያ ጥጋቡ?»

«ይህን የአኩሪ አተር ወተትህን ነዋ! ምነው እስከ ዛሬ ደበቃችሁን? አገሬ ትክል ድንጋይ ልጅ ሆኜ የጠጣሁትን ወተት ነው ያስታወሰኝ። ጣፈጥ ይላል። ደግሞ ወይራ ወይራ ይላል፤ አኩሪ አተርም ይታጠናል እንዴ?»

ብርጭቆውን ጎንበስ ብዬ አየሁት።

«ሁሉንም ነው የጠጡት?»

«ትንሽ እኮ ናት፤ ሻይ ብቻ ነው ያነጣች። የሻረግ የጾም ነው ስትለኝ ጊዜ ነው።»

ይኼኔ አማቴ ሚጡን በነጠላ ሸፍነው፣ በዝናቡ እየተጣደፉ በረንዳው ላይ ወጡ። «ወተቱስ?» አሉኝ። እኔ በዓይኔ ብርጭቆውን አሳየኋቸው። አማቴ ብርጭቆውን አዩ፣ አያ ጥጋቡን አዩ፣ የጺማቸውን ጫፍ አዩ፤ ጺማቸው ላይ ነጭ አለ።

«አያ ጥጋቡ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የጠጡት የልጄን ጡት ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አያ ጥጋቡ ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«የልጅሽን ምን?»

እትዬ የሻረግ ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «አኩሪ አተር አይደለም እንዴ?»

ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔ ዝናቡን አየሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነው እንዴት እንደተያያዘ ዛሬም አይገባኝም። አያ ጥጋቡ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡና «ጾሜስ?» አሉ።

«የሰው ወተት ፍስክ ነው?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ወተት ወተት ነዋ።»

«የላም ነው እንጂ የተከለከለ፣ የሰው መቼ ተባለ?»

«ታዲያ ሕፃን ሁሉ እየገደፈ ነው?»

«ሕፃን መቼ ይጾማል!»

«እኔስ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አሉ አያ ጥጋቡ።

«ሆኗል» አሉ አማቴ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ሚጡን በክንዳቸው እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«አሁንማ ሆኗል። ጣቱን በማር ነክሮ ያጠባ እንኳ የጡት አባት ይባላል። ይኼ የልጄን የራሷን ወተት ጠጥቷል። የጡት ልጇ ነው። እኔም አያትህ ነኝ፤ ስማኝ!»

እዚያ ላይ «አንቱ» ቀረ። አያ ጥጋቡ ከአማቴ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም፤ ግን አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔ በሐሳቤ እቆጥራለሁ፤ እሳቸው የማስተዋል ልጅ ከሆኑ እኔ ምናቸው ልሆን ነው? እትዬ የሻረግም ያንኑ ሳያስቡ አልቀሩም፤ «ታዲያ እኔስ ምኗ ነኝ?» አሉ።

«ምራቷ።»

እትዬ የሻረግ፣ የኪራይ ቤቱም የግቢውም እመቤት፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሚጡ ታለቅሳለች። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄዷል። አማቴ ወደ አያ ጥጋቡ ተጠጉና «እህትህን አስርበሃታል» አሏቸው።

ቀልድ የመሰለኝ እስከዚህ ድረስ ነበር። የአያ ጥጋቡ ዓይን እንባ ሞላ። «ከሕፃን ጉሮሮ ነጥቄ!» አሉ፤ «ከሕፃን ጉሮሮ! እኔ!» ዋሽቼ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ልጄ ናት የምትራበው፤ ማስተዋል ማታ ገብታ ጋዋኗን ከመስቀያው ስታወርድ ታየኝ።

«የቀረ የለም?» አሉኝ አያ ጥጋቡ።

ነበረ። ለኋላ ብለን ያስቀረነው፣ ጧት ማስተዋል ልትወጣ ስትል ያለበችው ትንሽ ወተት በጡጦ ሆኖ፣ እኛ ቤት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል።

«በሉ እኔ ልስጣት። የበደልኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ልስጣት።»

ማንም ተስፋ አላደረገም፤ እምቢ ለማለትም አቅም ያለው አልነበረም። ጃንጥላ ሳይሉ ግቢውን አቋርጠው ገቡ። ውሃ ሆነው ሲንቀጠቀጡ አማቴ ወንበር ላይ ያገኙትን ጋቢ ጣል አደረጉላቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እኔ ወተቱን አለዝቤ፣ ክንዴ ላይ ጠብ አድርጌ ሰጠኋቸው። ሚጡን ጋቢው ውስጥ አስገቧት።

አልዘፈኑላትም። አዋሯት እንጂ።

«እህቴ» አሏት፣ «ይቅር በይኝ። የአንቺ መሆኑን አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ እጄን ብቆርጥ ይሻለኝ ነበር። ጣፈጠኝ፤ ምን ልዋሽሽ፣ ጣፈጠኝ። ቀሪው ያንቺ ነው፤ እንኪ።»

ሚጡ ለቅሶዋን አቆመች። አፍንጫዋን ጋቢው ላይ አሸት አሸት አደረገች። ቀና ብላ ያንን ሽማግሌ አየችው። አፏን ከፈተች።

ጠጣች። ጡጦው ውስጥ አረፋው ሽቅብ ሲወጣ አየሁት። እትዬ የሻረግ በሩ ላይ፣ አማቴ ግድግዳው ሥር፣ እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ሁላችንም አረፋውን እንቆጥራለን። ጡጦው ባዶ እስኪሆን ጠጣች፤ ከዚያ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ማስተዋል ስትመጣ የግቢውን በር ሳትዘጋ በሩጫ ነው የገባችው፤ ልብሷም ፊት ለፊቱ ርሷል፤ በዝናብ ብቻ አልነበረም። ለቅሶ ስትጠብቅ ጸጥታ ሆነባትና ደነገጠች።

«ልጄስ?»

ሚጡ አያ ጥጋቡ ደረት ላይ ታንኮራፋለች። ባዶውን ጡጦ አንስቼ አሳየኋት።

«ጠጣች?»

«ጥርግ አድርጋ ጠጣች!»

ማስተዋል አልጋው ላይ ቁጭ አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ግራ ገባኝ።

«የምትፈልጊው ይህን አልነበረም እንዴ?»

«እሱን ነው» አለችና ባሰባት። «ያለ እኔ ጠጣች እኮ!»

ደስታ ይሁን ሐዘን ልጠይቃት ብል አማቴ በዓይናቸው ያዙኝ። ሚጡ ግን የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ነቃች፤ እንደዚያ ጠጥታ ጠግባ፣ እንዳልጠጣ ሰው ሁለት እጇን ዘርግታ ጮኸች። ማስተዋል እየሳቀች እያለቀሰች ተቀበለቻትና ጡቷን አወጣች። አያ ጥጋቡ ፈጥነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ምን ያስዞርሃል?» አሉ አማቴ። «ልጅ አይደለህ?»

«እኔ ዛሬ ጡት ጥያለሁ» አሉ አያ ጥጋቡ፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

ማስተዋል ይኼኔ ነው «የምን ጡት?» ብላ የጠየቀችው፤ እኔም ስለ አኩሪ አተሩ የተናገርኩት።

ያን ሰሞን ሁሉም የየራሱን ፍርድ ሰጠ። ማስተዋል የጋቢው ጠረን ነው አለች። አማቴ ወንድሟ ስለሆነ ነው አሉ። እትዬ የሻረግ የፍልሰታ በረከት ነው አሉ። እኔ ጋቢውን ደርቤ ሞከርኩ፤ ሚጡ አንዳንድ ቀን ትጠጣልኛለች፣ አንዳንድ ቀን በር በሩን ታያለች። አያ ጥጋቡ ደግሞ የጾሙን ነገር ነፍስ አባታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ቄሱ «ሳታውቅ ነው?» አሏቸው። «ሳላውቅ ነው አባ።» «ጣፈጠህ?» «አዎ አባ።» «እንግዲያው ስገድ።» ሲሰግዱ ሰነበቱ።

ከዚያ ዓርብ በኋላ ሰኞ ጧት ማስተዋል የተተኮሰውን ጋዋኗን በክንዷ ይዛ ወጣች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ እግሯ አልሄድ አላት። ዞራ አየችን፤ ልትመለስ ነው ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። አያ ጥጋቡ ሚጡን ታቅፈው፣ የማስተዋልን ጋቢ እስከ አገጫቸው ተጠቅልለው፣ ጡጦውን በሌላው እጃቸው ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል። እስከዚያ ቀን «ልጄ» ነበር የሚሏት።

«ሂጂ እናቴ» አሏት። «እኔና እህቴ እንጠብቅሻለን።»